ምሰሶ የማይፈልግ መኪና

ማርኬታና ሪስቶ አራት ዓመት ሙሉ የተዋደዱት በበጋ ብቻ ነበር። ያለፉትን ሳምንታት የተከታተለ አንባቢ ይህን ያውቃል። ዛሬ ገና የሚቀላቀለንም ቢሆን ከዚህ በላይ ብዙ ማወቅ አያስፈልገውም።

እርሷ በፊንላንድ ምሥራቃዊ ድንበር አጠገብ በምትገኘው በትንሿ የኩህሞ ከተማ፣ አቅም ያነሳቸውን አዛውንት በየቤታቸው እየዞረች የምትረዳ ነርስ ናት። እርሱ በባሕሩ ዳርቻ፣ በትልቁ ከተማ በኦውሉ፣ ስሙ የታወቀ የጥርስ ሐኪም ነው። በመካከላቸው ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የጫካ መንገድ አለ። ያንን መንገድ የምታሳጥረው የሪስቶ መኪና ነበረች፤ ቀይ፣ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ። በግንቦት ትወጣለች። በጥቅምት፣ መንገድ ላይ ጨው መበተን በተጀመረ ማግስት፣ ታጥባና ተወልውላ፣ ጨርቅ ለብሳ በአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ትተኛለች። ፍቅራቸውም አብሯት ይተኛል። ክረምቱን የሚመጣው ደብዳቤ ነው። ጥሩ ደብዳቤ ነበር፤ ሪስቶ መጻፍ ያውቅበታል። ነገር ግን ደብዳቤ እግር አያሞቅም።

በአምስተኛው በጋ ማብቂያ ላይ፣ ከሐይቁ ሲመለሱ፣ ሪስቶ መሪውን እንደ ያዘ ፊቱን ወደ እርሷ ሳያዞር ተናገረ።

«ለክረምት የሚሆን መኪና ልገዛ ነው።»

«ምን ዓይነት?»

«እንደ ሰው የሚሠራ። በረዶ የማይፈራ። አብረን እንመርጣለን።»

ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላት ሴት ወንድ ተንበርክኮ ቀለበት እንዲያወጣ አትጠብቅም፤ ከተባለው ነገር ውስጥ ያልተባለውን መስማት ለምዳለች። ማርኬታ የክረምት መኪና ማለት ክረምት ማለት ነው ብላ አሰበች። ክረምት ደግሞ በዚያ አገር ከዓመቱ የሚበልጠው እጅ ነው። ነፋሱ ፊቷን ሲመታት ዓይኗን ጨፈነች፤ እንባዋን ነፋሱ ያመጣው እንዲመስል።

*

በኅዳር መጀመሪያ ካያኒ ከተማ ወዳለ አንድ ያገለገሉ መኪኖች መሸጫ አብረው ሄዱ። ሻጩ አፉ የማያርፍ፣ አፍንጫው ከብርድ የቀላ ሰው ነበር።

«ይህቺኛዋ የቄስ መኪና ነበረች» አለ አንዷን ሰማያዊ መኪና መታ መታ እያደረገ። «ቀስ ተብሎ የተነዳች ናት።»

«በዚህ መንገድ ላይ የሚበሩት ቄሶቹ አይደሉ እንዴ?» አለች ማርኬታ። «ቀብር እንዳያመልጣቸው።»

ሪስቶ ሳቀ። እየሳቀ ክንዷን ያዛት፤ እንደ ባልና ሚስት ክንድ ለክንድ ተያይዘው በመኪኖቹ መካከል አለፉ። ያን ጊዜ ነው ማርኬታ ግራጫውን መኪና ያየችው። ረጅም፣ ሰፊ፣ መልክ የሌለው፣ በአራቱም ጎማው የሚጎትት፣ ከኋላው አንድ ቤት ሙሉ ዕቃ የሚያስገባ። ጎንበስ ብላ ስታይ ከፊት መከላከያው ሥር የሞተር ማሞቂያው ሶኬት ብቅ ብሏል። በጓንቷ ጫፍ ነካችው።

በዚያ አገር በክረምት መኪና እንደ ላም ይታሰራል። በየመኖሪያ ሕንፃው ግቢ የምሰሶ ረድፍ አለ፤ ለአንድ ቤት አንድ ምሰሶ፣ በአንድ ምሰሶ አንድ ገመድ። ማታ ገመዱ መኪናው አፍንጫ ላይ ይሰካል፣ ሳይነጋ ሞተሩን ያሞቀዋል፣ ጠዋት ባለቤቱ ነቅሎ ይሄዳል። በማርኬታ ግቢ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ምሰሶው ይናገራል። ከሁለት ዓመት በፊት በሁለተኛው ፎቅ በምትኖረው፣ ባሏ በሞተባት በሪትቫ ምሰሶ ላይ የአንድ ግንድ ጫኝ ሹፌር መኪና ታስሮ አድሮ ታየ። ደግሞ አደረ። በማግስቱ የሕንፃው ሴቶች ደረጃ ላይ እየጠበቁ እጇን ጨበጧት። «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት፤ ሌላ ሠርግም አልነበረም። ማርኬታም ጨብጣት ነበር። ከዚያ ወደ ቤቷ ወጥታ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ የት እንዳለች የጠፋት ይመስል መካከሉ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆማለች።

«ይኼ እንዴት ነው?» አለችው ሪስቶን፣ ድምፅዋን እንደ ምንም አድርጋ።

ሪስቶ ወደ ሶኬቱ ተመለከተ። ቅንድቡን ሰበሰበ።

«አይሆንም» አለ። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞረ። «ምሰሶ የማይፈልግ የለህም?»

«እንዴት ይታጣል!» አለ ሻጩ፤ ወደ አንድ ጥቁር አረንጓዴ መኪና ወሰዳቸው። «ይኼ ናፍጣ ነው። የራሱ ማሞቂያ አለው፣ ከራሱ ነዳጅ እየቀዳ የሚሠራ። በስልክዎ ያዝዙታል፣ በፈለጉት ሰዓት ሞቆ ይጠብቅዎታል። የማንንም ምሰሶ አይለምንም፣ ጌታዬ። ብድግ ብሎ መሄድ ነው።»

ሪስቶ ፈገግ አለ።

ረጅም ፈገግታ አልነበረም። ማርኬታ ግን አየችው። ግራጫው መኪና ውስጥ ለመቀመጥ የከፈተችውን በር ቀስ ብላ ዘጋችና፣ «አረንጓዴው ጥሩ ነው» አለች። እውነትም ጥሩ መኪና ነበር። ጉድለት ብታገኝበት ሐዘኗ በቀለላት።

*

ሪስቶ ቃሉን ጠበቀ። በየዓርቡ ይመጣ ጀመር። በረዶ ይውደቅ ጭለማ ይውረድ፣ አረንጓዴው መኪና የማይደፍረው መንገድ አልነበረም። ግቢ ሲገባ ግን ከቆሻሻ መጣያው ቤት አጠገብ፣ ምሰሶ በሌለው የእንግዳ ማቆሚያ ላይ ይቆማል። እሑድ ጠዋት፣ እርሱ ገና ቡናውን እየጠጣ፣ ከታች እምም የሚል ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ የመኪናው ማሞቂያ ነው። ያ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ሪስቶ ሰውነቱ እዚህ ይሁን እንጂ ሄዷል ማለት ነው።

ማርኬታ ያንን ድምፅ ማዳመጥ ለመደች። እሑድ ብቻ አይደለም። ቅዳሜም ከእንቅልፏ እየባነነች ታዳምጣለች። ዓርብ ማታም፣ እርሱ አጠገቧ ተኝቶ እየተነፈሰ፣ እርሷ የምትሰማው ትንፋሹን ሳይሆን ግቢውን ነበር።

ወንድሟ ታውኖ አንድ ረቡዕ የዓሣ ሾርባ ሊበላ መጣ። ታውኖ ከእርሷ በሦስት ዓመት ያንሳል፤ በቤተሰቡ ውስጥ ግን ምክር የሚሰጠው እርሱ ነው፣ ማንም ባይጠይቀውም።

«የበጋው ጌታ ለክረምትም መጣልሽ አሉ» አለ ጥቁር ዳቦውን እየቆረሰ።

«ዝም ብለህ ብላ።»

«እየበላሁ ነው። የኔ አፍ ሁለት ሥራ ይችላል።» ጎረሰ። «መኪናው ግን ከቆሻሻው ጋር ነው የሚያድረው።»

«የራሱ ማሞቂያ አለው። ምሰሶ አያስፈልገውም።»

«ምሰሶ የማይፈልግ መኪና የገዛ ሰው ቤትም አይፈልግም፣ እህቴ። እኔ ክፉ ስለሆንኩ አይደለም የምነግርሽ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ጠይቂው።»

«ምን ብዬ ልጠይቀው? መኪናህን ደጄ ላይ እሰርልኝ ብዬ?»

«አዎ። እንዲያ ብለሽ።»

«አፍሬ እሞታለሁ እንጂ አልለውም።»

ታውኖ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሊቀልድ አሰበና ፊቷን አይቶ ተወው። «ሾርባው ጥሩ ነው» አለ ብቻ።

በዚያው ሳምንት ከታችኛው ቤት የሚኖሩት አሮጊት፣ እትዬ ሄልካ፣ ደረጃ ላይ አገኟት። መስኮታቸው ወደ ግቢው ነው፤ ከመስኮታቸው የሚያመልጥ ነገር የለም።

«ማርኬታዬ፣ ያ አረንጓዴ መኪና የቧንቧ ሠራተኛው ነው እንዴ? ዓርብ ዓርብ የሚመጣው?»

«አይደለም እትዬ። የእንግዳ ነው።»

«የእንግዳ» አሉ እትዬ ሄልካ፤ ቃሉን በሌለ ጥርሳቸው አላመጡት። ያዘኑላት መሰለ። ማርኬታን ከስድብ ሁሉ ይልቅ ያ ሐዘኔታ አንጀቷን ቆረጠው።

*

በጥር ወር መጨረሻ የእሑድ የሥራ ተራ ደረሳት። ብርዱ በረዶውን ከእግር በታች የሚያስጮኽ፣ ሲተነፍሱት አፍንጫ ውስጥ የሚደርቅ ዓይነት ነበር። ማርኬታ የነቃችው ሊነጋጋ ሲል በማሞቂያው ድምፅ ነው። ከወትሮው ቀድሞ መጣ። እጇን ዘረጋች፤ አልጋው ባዶ ነው። በመስኮት ስታይ ከአረንጓዴው መኪና ኮፈን ሥር እንፋሎት ይወጣል፤ ሪስቶ ቦርሳውን የኋላው ወንበር ላይ ያስቀምጣል።

ምን እንደምትለው አላሰበችም። በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደረበች፣ ባዶ እግሯን ቦት ጫማ ውስጥ ከተተች፣ ወረደች።

«ሳትነግረኝ ልትሄድ ነው?»

ሪስቶ ደንግጦ ዞረ። «ተኝተሻል ብዬ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አላየሽም። ከሰዓት በኋላ በረዶ ይጥላል ስለተባለ ቀድሜ ልውጣ ብዬ...»

«ሂድ እንግዲህ። መኪናህ ሞቋል። የማንንም ምሰሶ አይለምንም።»

«ምን ሆነሻል?»

«ደከመኝ፣ ሪስቶ።» ድምፅዋ አልጮኸም፤ መጮኽም አቅም ይፈልጋል። «ያ ግራጫው መኪና ምን ነበረበት?»

«የቱ ግራጫ?»

«ካያኒ ያየነው። ባለ ሶኬቱ።»

ሪስቶ ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። ሲያስታውስ የበለጠ ግራ ተጋባ። «ማርኬታ፣ ያለሽ ምሰሶ አንድ ነው። እኔ ከያዝኩት ያንቺ መኪና ምን ሊሆን ነው? በዚህ ብርድ መች ይነሳል? ለምትረጂው ለሽማግሌው አርማስ መድኃኒቱን ማን ይወጋለታል አንቺ ካልደረስሽ? ለዚህ እኮ ነው ምሰሶ የማይፈልግ ስፈልግ የነበረው።»

ማርኬታ ሦስት ወር ያህል የተሸከመችውን ሐዘን የት እንደምታወርደው ጠፋት። ከዚያ ሳቅ መጣባት፤ የደከመው ሰው የሚስቀው፣ ከልቅሶ ጋር ድንበር የሌለው ሳቅ።

«አንተ እኮ ምንም አታውቅም» አለችው። «እዚያ ኦውሉ ሞቃት ምድር ቤት ውስጥ መኪና የሚያቆም ሰው ምን ያውቃል?»

ነገረችው። ስለ ሪትቫና ስለ ሹፌሩ፣ ደረጃ ላይ ስለሚጨበጠው እጅ፣ እርሷም የራሷን መኪና ለብርድ ሰጥታ የእርሱን ለማሰር ስንት ጊዜ እንደተመኘች፣ ሁሉንም ነገረችው። ሪስቶ ረድፉን ተመለከተ። ከየምሰሶው ገመድ ወርዶ ከየመኪናው አፍንጫ ላይ ተሰክቷል። ገና ዛሬ ያየው መሰለ።

«ታዲያ እነዚህ ሁሉ...»

«ሁሉም።»

«እኔ ደግሞ ከቆሻሻው አጠገብ።»

«የቧንቧ ሠራተኛ ነህ ተብለሃል።»

ሪስቶ መሳቅ ጀመረና አቆመ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተቃቅፎ ነገሩን ይዘጋው ነበር። እርሱ ግን ፊቱን በጓንቱ ጠርጎ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ሰምተሽ ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ። ስለ መኪናሽ ማሰቤ እውነት ነው። ግን ያ ሻጭ ብድግ ብሎ መሄድ ነው ሲል... ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩትም።»

«አይቼሃለሁ» አለች። «ፈገግ ስትል አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«የሚለመን ነገር አይደለማ!»

ከምሰሶዎቹ በላይ ሰማዩ መንጣት ጀምሯል። ማርኬታ እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«ቃል ግባልኝ አልልህም። ቃል በደብዳቤ ብዙ መጥቶልኛል። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው እናት ከአልጋ አነሳለሁ፣ የሰው አባት አጥባለሁ። ማታ መተኛት ነው የምፈልገው። በክረምት ሳትመጣ ይሻለኝ ነበር፤ እተኛ ነበር። አሁን ዓርብ ከመጣህበት ሰዓት ጀምሮ መሄጃህን ነው የማዳምጠው። ብትቆይም ብትሄድም ማዳመጡ ነው የገደለኝ።»

ሪስቶ ወደ መኪናው ሄዶ ቦርሳውን አወጣ፤ ተመልሶ ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረው።

«ዛሬ በዚህ ሂጂ።»

«የኔም መኪና እኮ ሞቃለች።»

«አውቃለሁ። የእርሷንም ቁልፍ ያዢው። ሁለቱም ካንቺ ጋር ይዋሉ።»

«ነገ በሽተኞችህ ይጠብቁሃል።»

«ሰኞ ጥርሱን ያመመው ማክሰኞም ያመዋል። እደውላለሁ።»

«አንተስ?»

«እኔ መሄጃ አይኖረኝም። እንዴት እንደምሆን አላውቅም። እስቲ እንየው።»

በድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበረ። ደብዳቤዎቹ ላይ አንድም ቀን ያላየችው ነገር ነው። ማርኬታ ያመነችው ያንን ፍርሃት ነው።

*

ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት ዞረች። ለሽማግሌው አርማስ መድኃኒቱን ወጋች፤ ለአንዲት አሮጊት ፀጉር አበጠረች። ቀትር ላይ ወደ ኦውሉ የሚሄደው አውቶቡስ ከአደባባዩ እንደሚነሳ ታውቃለች። ያ ሰዓት ሲደርስ የአሮጊቷን ገንፎ ታማስል ነበር፤ ማንኪያውን ይዛ ጥቂት ቆመች፣ ከዚያ ማማሰሏን ቀጠለች። ቁልፉን የሰጠ ሰውም እግር አለው። ለዚህ ልታደርግ የምትችለው ነገር አልነበረም፤ ይህን ማወቋም ለራሷ በማይገባት መንገድ አቀለላት።

ስትመለስ ጭለማው ወርዷል፣ በረዶውም ጀምሯል። ግቢ ገባች። ቀና ብላ ወደ ቤቷ መስኮት አላየችም። የት እንደምታቆም መምረጥም አቃታት፤ መኪናውን ግቢው መካከል እንደ ቆመ አጠፋችው፤ እጇን መሪው ላይ ጥላ ተቀመጠች።

የሌላኛው ወገን በር ተከፈተ። ሪስቶ በቤት ጫማ ወጥቷል፤ ትከሻው ላይ በረዶ አለ። ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ድንች ቀቅያለሁ። ይቀዘቅዛል» አለ።

«ይቀዝቅዝ።» ትንሽ ቆየች። «እንዴት ዋልክ?»

«በጣም መጥፎ። አውቶቡሱን ደጋግሜ አሰብኩት። አንዴ ጫማዬን ሁሉ አደረግሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አውልቄ ካልሲ አጠብኩ። ያንቺንም።»

«ነገስ?»

«ነገም የምፈራ ይመስለኛል።»

«እሺ» አለች ማርኬታ።

ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች፤ በረዶው ጉንጯ ላይ ቀለጠ። የመኪናው ሙቀት ቀስ እያለ እየወጣ ነበር፤ መስታወቱም በነጭ እየተሸፈነ ግቢውን፣ ሕንፃውንና መስኮቶቹን አንድ በአንድ ጋረደላቸው። ሪስቶ ሊያስነሳት አስቦ ፊቷን አየና ተወው። ተኝታለች፤ ከንፈሯ ከፈት ብሎ፣ ግንባሯ ላይ ያለው መስመር ሁሉ ላልቶ፣ ከእንግዲህ የምታዳምጠው ነገር እንደሌለው ሰው በከባዱ ተኝታለች።